የምንጩ ተራ

የባለመሬቱ ወኪል ከምንጩ በላይ ባለው ጉብታ ላይ ከበቅሎው ሳይወርድ ቆሞ ነበር። ከሥሩ አባቴና ሌሎች ጢሰኞች ዶማና አካፋ ይዘው ተደርድረዋል። ከታች በኩል ሴቶቹ እንስራቸውን አስቀምጠው፣ በየእጃቸው የልመና ምልክት የሆነውን እርጥብ ሣር ጨብጠው ቆመዋል፤ እኔ ከእናቴ ጀርባ ነኝ። በመካከል፣ ከምንጩ አፍ አጠገብ፣ አዴ ጫልቱ ብቻቸውን ነበሩ።

ይህን ያስታወሰኝ ሽታ ነው። ሰሞኑን የባሕር ዛፍ ችግኝ የጫነ ጋሪ በደጃፌ አለፈ፤ ከጭነቱ የወደቀው ቅጠል ጎማ ሥር ሲደቅ ያ የሱሉልታ ጠዋት መጣብኝ። ያን ቀንም ችግኙ በእርጥብ ጆንያ ተጠቅልሎ ከበቅሎው አጠገብ ተከምሮ ነበር።

አዴ ጫልቱ ጎረቤታችን ነበሩ፤ ባላቸው የሞተባቸው፣ እንደኛው በሰው መሬት የሚኖሩ፣ ወተት ወደ ከተማ የሚያወርዱ። ዝናብ የቀረበት ዓመት ነው። ሌሎቹ ምንጮች ደርቀው ይህ ብቻ ስለተረፈ፣ በውሃ ሰበብ ሴቶች እስከ መደባደብ ደረሱ። ተራ ያበጁት አዴ ናቸው። መጀመሪያ ሰው፣ ቀጥሎ ጥጃ፣ ከዚያ ከብት ይጠጣል፤ የተረፈው በቦይ ወርዶ፣ በሬ የሌላቸው ሴቶች በጋራ የሚያለሙትን ጎመን ያጠጣል። ከምንጩ በላይ ደግሞ ወይራ ተከሉ። ወይራ እስኪያድግ ማን ይኖራል ብለው ሲስቁባቸው፣ የሚጠጣው ይኖራል አሉ። አንዷ ይህ ሁሉ ሕልም ነው ብትላቸው፣ ቀና እንኳ ሳይሉ መለሱላት።

«ይሁን። ለሕልም ሲሶ አይከፈልም።»

ሲሶ ከምርታችን ለባለመሬቱ የምንሰፍረው ነበር።

ባለመሬቱ የሚኖረው አዲስ አበባ ነው። ማገዶ በከተማ ዋጋ ስላወጣ፣ ምንጩን አጥሮ ዙሪያውን ባሕር ዛፍ ሊያስተክል ወሰነ። የችግኙን ጉድጓድ እንዲቆፍሩ የታዘዙት ውሃውን የሚጠጡት ሰዎች ራሳቸው ናቸው፤ እምቢ ያለ ከመሬቱ ይነቀላል። አባቴ ያን ጠዋት ቁርሱን ሳይነካ ነው የወጣው።

አዴ ሲንቄያቸውን መሬት ላይ አጋድመዋል። ሲንቄ የኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር የምትሰጣት ቀጭን በትር ናት፤ ሴት ሲንቄዋን ይዛ ከቆመች ወይም መሬት ላይ ካጋደመች ወንድ ተሻግሮ አያልፍም።

«አዴ፣ ዱላዎን ያንሱ፤ ሰው ይደናቀፋል» አለ ወኪሉ።

«ዱላ ከሆነ ወርደህ አንሳዋ።»

አልወረደም። የዚያው አገር ልጅ ነው፤ እናቱም ሲንቄ ነበራቸው።

«መሬቱ የጌታዬ ነው።»

«መሬቱ ይሁንለት። ውሃው ከየት እንደሚመጣ ግን ጌታህም አያውቅም።»

ከወንዶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ወኪሉ ወደ አባቴ ዞረ። «ኦቦ ገመቹ፣ ከእርስዎ ይጀመር።»

አባቴ ሲንቄዋን አየ፤ እናቴንም አየ። ከዚያ ዶማውን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠ። አጠገቡ ያለውም አስቀመጠ፤ ከእሱ ቀጥሎ ያለውም። ችግኙ እዚያው ፀሐይ ላይ ውሎ ጠወለገ።

ጢሰኞቹን ሁሉ ቢነቅል አራሽ እንደማያገኝ ባለመሬቱ ያውቃል። ስለዚህ ከአጨዳ በኋላ፣ ምንጩ አይታጠርም፣ አዴ ጫልቱ ግን መሬቴን ይልቀቁ የሚል ቃል ላከ። እናቴ ሴቶቹን ይዛ፣ እንደገና ሣር ይዘን እንቁም ልትላቸው አዴ ጫልቱ ቤት ሄደች።

«የእኔን ጎጆ ስትሉ ምንጩን ያጥርባችኋል» አሉ። «ይልቅ ተራው እንዳይፈርስ።»

አልፈረሰም። ቧንቧ እስኪገባ ድረስ ሱሉልታ ውስጥ በዚያ ምንጭ ማንም ማንንም ቀድሞ አልቀዳም። ወይራዎቹም ዛሬ ድረስ ቆመዋል።

የሚሄዱበት ጠዋት፣ ቡራዩ ወንድማቸው ዘንድ ለመድረስ መንገዱ ሩቅ ስለነበር፣ ቀድመው እንዲቀዱ ለመንናቸው። እምቢ ብለው ከኋላችን ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ ቅላቸውን ሞሉ፣ ሲንቄያቸውን አነሱ፣ ሄዱ።