ከአደጋ ሁሉ የራቀው ቤት

የሚያውቀው ሁሉ «አቶ ቢሆንስ» ይለዋል። ዕድሜውን ሙሉ «ቢቃጠልስ? ጎርፍ ቢገባበትስ?» እያለ በማስፈራራት የቤት ኢንሹራንስ ሲሸጥ ኖሯል።

ራሱ ቤት ሲገዛ ደግሞ ሚስቱን አሳሯን አበላት። ወንዝ ዳር ያለውን ቤት ጎርፍ ፈርቶ፣ ዳቦ ቤት አጠገብ ያለውን ደግሞ እሳት ፈርቶ ተወው። በመጨረሻ ኮረብታ አናት ላይ ለብቻው የቆመ ቤት ገዛና፣ አደጋን አሞኝቶ ያመለጠ ይመስል ደረቱን ነፋ።

ኢንሹራንስ ሊገባ ሲጠይቅ የገዛ መሥሪያ ቤቱ ቤቱን የሚያይ ሰው ላከ። ሰውዬው መኪናውን ታች አቁሞ፣ ዳገቱን በእግሩ ወጥቶ እያለከለከ ደረሰ።

«ጋሼ፣ እዚህ የእሳት አደጋ መኪና አይወጣም። እንዲህ ያለ ቤት እንዳንቀበል ያስተማሩን እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

ሚስቱ ወደ አቶ ቢሆንስ ዞረች።

«ከአደጋ አርቅሻለሁ ብለህ፣ ይኸው ከኢንሹራንስም አራቅኸኝ!»