ኮከብ የቆጠረ እጅ

ልጅ ሳለሁ፣ ከጀውሃ ወረድ ብላ ባለችው መንደራችን ሙቀቱ ሲብስ ቤት ውስጥ የሚያድር ሰው አልነበረም። ፀሐይ ስትጠልቅ የጠፍር አልጋው ሁሉ ወደ ግቢ ይወጣል፤ እናቴ እርጥብ የኒም ቅጠል ፍም ላይ ጣል አድርጋ የወባ ትንኝ የሚያባርር ጭስ ታስነሳለች፤ ኩራዙ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ ይቀመጣል። ጭሱ ዓይን ያቃጥላል፣ አፍ ያመርራል፤ ወባ ከሚይዛችሁ እሱ ይሻላችኋል እየተባልን ስበነው እንተኛ ነበር። ከወዲያ በአውራ ጎዳናው የሚያልፉት ከባድ መኪኖች ሲያጉረመርሙ ይሰማል፤ ከወዲህ የአያቴ የአባባ ይመር ድምፅ። ያኔ ከላያችን ጣሪያ ስላልነበረ የአባባ ተረት በየት በኩል ዞሮም ቢሆን መጨረሻው ሰማይ ነበር።

ከተረቶቻቸው ሁሉ እንደ ዘሀራ ተረት የሚያስፈራኝ አልነበረም። ዘሀራ ቆጥራ የማትጠግብ ቆንጆ ልጅ ነበረች አሉ። የማሾውን ፍሬ ቆጥራ ጨረሰች፣ የማሽላውን ፍሬ ቆጥራ ጨረሰች፣ ሌላ የሚቆጠር ነገር ሲጠፋ አንጋጣ ኮከብ መቁጠር ጀመረች። «አንድ» ስትል አንዷ ኮከብ ወርዳ እጇ ላይ ኪንታሮት ሆነች። «ሁለት» ስትል ሌላዋ ወረደች። ሲነጋ እጇ የወንዝ ጠጠር መስሎ ተገኘ፣ ዳቦ መቁረስ እንኳ አቃታት። እዚህ ላይ ሲደርሱ አባባ ቀኝ እጃቸውን ወደ ኩራዙ ያስጠጋሉ። የእጃቸው ጀርባ ላይ ትልልቅ፣ ሻካራ ኪንታሮቶች ነበሩ። «ይኸው፤ ቆጥሬ ነው» ይላሉ። ሌላ ምንም አይጨምሩም። እኔም እጄን ብብቴ ውስጥ ወሽቄ፣ ሳላስበው እንዳልቆጥር ዓይኔን ጨፍኜ እተኛ ነበር።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ የሳይንስ አስተማሪያችን መምህር ታደለ ለመምህራን ከተዘጋጀ የህዋ ሳይንስ ስልጠና ተመልሶ መጣ። ገና ወጣት ስለነበር «አንተ በሉኝ» የሚለን እሱ ብቻ ነበር። ሳተርን የምትባለውን ፕላኔት ከነቀለበቷ በቴሌስኮፕ አይቻለሁ ብሎ ሰሌዳው ላይ ሊስላት ሲጣደፍ ጠመኔው እጁ ላይ ተሰበረ። ሰማይ ላይ ቀለበት ያጠለቀች ዓለም አለች ሲባል እኔ በድንጋጤ የዚያን ለት ምሳዬን መብላት አልቻልኩም። በገዛ ዓይኔ ካላየኋት አላምንም አልኩ።

«በክረምት ለተማሪዎችም ስልጠና አለ፤ ከኛ ትምህርት ቤት አንድ ተማሪ ይዤ እሄዳለሁ» አለን። ከዚያም ከካርቶን ክብ ቀዳዳ እየቆረጠ አደለን። «ይህን ወደ ሰማይ ዘርጉና በቀዳዳው የሚታየውን ኮከብ ቆጥራችሁ ኑ። ከየቦታው የሚመጣው ቁጥር ሲሰበሰብ የየትኛው አገር ሰማይ ጥርት ያለ እንደሆነ ይታወቃል። አብሮኝ የሚሄደውንም የምመርጠው ከቆጠሩት መካከል ነው።»

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም እኩል እጁን ዴስክ ሥር ደበቀ። መምህር ታደለ ግራ ተጋብቶ ሲያየን አንዷ ከኋላ «ቲቸር፣ ኪንታሮትስ?» አለችው። እንባው እስኪመጣ ሳቀ። «እኔንም እናቴ እንዲሁ ትለኝ ነበር» አለ። እኔ ግን አልሳቅኩም። የሱ እናት ያለችውን እንጃ፤ እኔ በዓይኔ ያየሁት እጅ ነበረኝ።

ያም ሆኖ ሳተርን አሸነፈችኝ። ማታ ጭሱ መሀል ቆሜ ተናገርኩ። «አባባ፣ ትምህርት ቤት ኮከብ ቆጥረሽ ነይ ተባልኩ። ከቆጠርኩ በክረምት አዲስ አበባ ወስደው ያስተምሩኛል።»

የአባባ መቁጠሪያ ከእጃቸው ወደቀ። እንዲያ ሲደነግጡ አይቼ አላውቅም ነበር፤ ጎርፍ የሽንኩርት ማሳችንን ጠራርጎ የወሰደ ጊዜ እንኳ አልሐምዱሊላህ ብለው ቁጭ ያሉ ሰው ናቸው። «አዑዙ ቢላህ!» አሉ። «ኮከብ ቆጣሪ ሊያደርጉሽ? የኔን ልጅ? ጠንቋይ?» እናቴ ልትናገር ስትል በእጃቸው ከለከሏት። እኔም ቀዝቃዛ ውሃ የተከለበሰብኝ ያህል ክው አልኩ። የሰው ዕጣ አውቃለሁ የሚል ሰው ኮከብ ቆጣሪ እንደሚባል አሳምሬ አውቅ ነበር፤ መምህራችን ያዘዘን ያንኑ ይሆን ብዬ ግን እስከዚያች ሰዓት አላሰብኩም። ሳተርን ከነቀለበቷ ከእጄ ስትወጣ ታወቀኝ።

በማግስቱ አባባ ከዘራቸውን ይዘው፣ እኔን አስከትለው ትምህርት ቤት ደረሱ። ልጆች መስኮት ላይ ተንጠላጠሉ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ ነበር።

«መምህር፣» አሉ አባባ፣ «ልጄን ምን ልታደርጋት ነው?»

«ኧረ ጋሼ፣ መጀመሪያ አረፍ ይበሉ» አለ መምህር ታደለ። «እርስዎ እንዳሰቡት አይደለም። ስንት ኮከብ እንደሚታይ ብቻ ነው የምትቆጥረው።»

«ከቆጠረችስ በኋላ? የማን ኮከብ ከማን ይገጥማል ልትሉ ነው?»

«የማንም ከማንም አይባልም።»

«የሰው ስም አትደምሩም? የእናት ስም አትጠይቁም?»

«ስም የለበትም፣ ጋሼ። ኮከቧ ከምን እንደተሠራች፣ ምን ያህል እንደምትርቅ ነው የምንማረው። ኮከብ ስለ ሰው ምንም አትናገርም።»

አባባ ከዘራቸውን እንደተደገፉ ድርቅ ብለው ቀሩ። «ምንም?» አሉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ።

«ምንም፣ ጋሼ።»

ሲመጡ በቁጣ ነበር የመጡት፤ ሲወጡ ግን ድንገት መርዶ የሰሙ ይመስሉ ነበር። ደህና ዋል እንኳ ሳይሉት ሄዱ። እኔም በቃ ቀረሁ ብዬ ቀኑን ሙሉ ዴስክ ላይ ተደፍቼ ዋልኩ።

ያን ዕለት ከመግሪብ ሶላት በኋላ አባባ ራሳቸው ኩራዙን እፍ ብለው አጠፉት። ፍሙ ብቻ ቀረ። «ያን ካርቶን አምጪው» አሉኝ። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። አልጋቸው ጫፍ ላይ አስቀመጡኝና ከዚያ በፊት ያልሰማሁትን፣ ከዚያ ወዲህም ያልደገሙትን ነገር ነገሩኝ።

በጉብዝናቸው ጊዜ የማጀቴ ከተማ ልጅ ታጭታላቸው ነበር። ሠርጉ ሲቃረብ የሁለቱ ቤተሰቦች ኮከብ ቆጣሪ ዘንድ ሄዱ። ሰውየው የሁለቱን ስም ከእናቶቻቸው ስም ጋር ደማምሮ «ኮከባቸው አይገጥምም፤ ከተጋቡ አንዱ ይሞታል» አለ። ልጅቷ ለሌላ ተዳረች።

«ስሟ ዘሀራ ነበር» አሉ አባባ።

የተረቷን ዘሀራ ስንት ዓመት ስፈራት ኖሬአለሁ፣ ሥጋና ደም ያላት ሰው ትሆናለች ብዬ እንዴት ልጠርጥር!

«የተዳረች ለት ውጭ ተጋድሜ ቆጠርኩ» አሉ። «የቷ የኔ፣ የቷ የሷ እንደሆነች፣ እንዴት ሆነው እንደማይገጥሙ ልይ ብዬ። ኪንታሮቱም ከዚያ ወዲህ ነው የወጣብኝ።» ቀጥለውም «ስለ ሰው ምንም አትናገርም ነው ያለው ያ ልጅ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አዎ፣ አባባ።»

«ሱብሃነላህ» አሉና በሽርጣቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ። ጭሱ ይሁን ሌላ አላውቅም። «በይ ቁጠሪ።»

ካርቶኑን ወደ ሰማይ ዘርግቼ ቆጠርኩ። አባባ ዓይናቸው ስለደከመ ትንንሾቹን አያዩአቸውም፣ ግን በየቁጥሩ «እሺ» ይሉኝ ነበር። ሲነጋ ከሁሉም ቀድመው ተነስተው እጄን እያገላበጡ አዩት። ምንም አልነበረበትም።

ተመርጬ ሄድኩ። አዲስ አበባ ላይ ብዙውን ቀን ዝናብ ነበር፤ አንድ ምሽት ደመናው ለአፍታ ሲገለጥ በቴሌስኮፑ አየሁ። ሳተርን ከነቀለበቷ፣ ልክ ጠመኔው እንደሳላት፣ እዚያው ተንጠልጥላ ነበር። አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ልጆች ትከሻዬን ይዘው ነው የጎተቱኝ። ይህ ሳያንስ፣ ስልጠናው ሊያልቅ ሲል፣ በቀኝ እጄ አመልካች ጣት ላይ ኪንታሮት ወጣ።

ዛሬ ሸዋ ሮቢት ፊዚክስ አስተምራለሁ። እኔም በተራዬ የመምህራኑን ስልጠና ወስጃለሁ፤ ካርቶንም እየቆረጥኩ አድላለሁ። ተማሪዎቼ ኮከብ ቁጠሩ ስላቸው ዓይናቸው ጣቴ ላይ ያርፋል። ኪንታሮት የሚመጣው ከቫይረስ እንደሆነ እነግራቸዋለሁ፤ እውነቱም ይኸው ነው። ዘንድሮ አንዷ ተነስታ «ታዲያ ቲቸር፣ ለምን አታስወግጂውም?» አለችኝ። እኔም ደወል ተደወለ ብዬ ወጣሁ።

አባባ ወደ አኼራ ከሄዱ ቆይተዋል። ለጠየቀችኝ ተማሪ ያልነገርኳት ከስልጠናው የተመለስኩበትን ምሽት ነው። ጣቴን በፕላስተር ጠቅልዬ ነበር፤ አባባ ገና ሰላም ሲሉኝ አዩትና «ይህስ ምንድነው?» አሉ። መዋሸት አልሆነልኝም፣ ፈታሁት። ድንጋጤ ወይ ቁጣ ስጠብቅ ኩራዙን ወደኛ ሳብ አድርገው ያን ሻካራ እጃቸውን ከእጄ ጎን አስቀመጡት። አንዴ የሳቸውን፣ አንዴ የኔን ሲያዩ ቆዩና ፊታቸው በሳቅ ተሞላ።

«ይኸው» አሉ፣ «ገጠመ።»