በቀጥታ ያገናኘኋት ሽቦ

ባለፈው እሑድ ከሰዓት ልጄ ስልኳን ሶኬት ላይ ሰክታ ስታጠና ባለቤቴ፣ «መቶ ሞልቷል እኮ፣ ንቀይው፣ ይፈነዳል» አላት። እሷም ሳቀችና፣ «አባዬ፣ ራሱ ያቆማል» አለችው። ልክ ነበረች። ሥራዬ ስልክ ጥገና ነውና ምክንያቱን ላስረዳቸው ጀመርኩ፤ መሐል ላይ ጋሽ አንጁሎ ትዝ አሉኝና ተውኩት።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። የጥገና ኮርስ በጨረስኩ በዓመቱ ሽሮ ሜዳ፣ ከጋቢና ከነጠላ ሱቆቹ ጀርባ፣ አንዲት የቆርቆሮ ክፍል ተከራይቼ ነበር። ሴት ስልክ ትሠራለች ሲባል ለማየት ብቻ የሚመጣም አይጠፋም፤ እኔም ሁሉን እችላለሁ ማለት እወድ ነበር። ወሩ ነሐሴ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ጎርፍ መንገዱን አጨቅይቶታል፣ በየጥጉ የበቆሎ እሸት ይጠበሳል።

ጋሽ አንጁሎ ጎረቤቴ፣ ሸማኔ ነበሩ። ባለቤታቸው ቀዶ ሕክምና ታዞላቸው፣ ከጳውሎስ ሆስፒታል «አልጋ ሲገኝ እንደውላለን» ተብለው ቤት ተኝተዋል።

«ልጄ፣ ስልኩ ቻርጅ አልይዝ አለ» አሉኝ። «ዛሬም ነገም ሊደውሉ ይችላሉ።»

ከፍቼ ሳየው ቻርጅ የሚቆጣጠረው አይሲ የሚባለው ትንሽ ቺፕ ተቃጥሏል። መቀየሪያ አልነበረኝም። ስለዚህ ሌሎች ሲያደርጉ ያየሁትን አደረግሁ፤ ከቻርጀሩ መሰኪያ አንድ ቀጭን ሽቦ ስቤ በቀጥታ ከባትሪው ጋር በየድኩት። ስልኩ በራ።

«ሁለት ሰዓት ያህል ይበቃዋል፣ ከዚያ ይንቀሉት» አልኳቸው። መርቀውኝ ሄዱ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባትሪው ባዶ ሲሆን ያ አይሲ ኤሌክትሪኩን እንደ ልብ ይለቅለታል። አራት ነጥብ ሁለት ቮልት ገደማ ሲደርስ ግን ቮልቴጁን እዚያው ላይ ይይዝና የሚገባውን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ በመጨረሻ ይዘጋዋል። እሱ ቢበላሽ እንኳ ባትሪው ራስ ላይ ያለች ሌላ ትንሽ ሰርኪት መስመሩን ትቆርጣለች። እኔ የመጀመሪያውን ዘልዬዋለሁ። ሁለተኛዋ ደግሞ በዚያ ርካሽ ባትሪ ውስጥ ጭራሽ አልነበረችም፤ ይህን ያወቅሁት ካለፈ በኋላ ነው።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ጩኸት ሰማሁ። ጋሽ አንጁሎ ስልኩን አጠገባቸው ሰክተው ሲሸምኑ ሰዓቱን ረስተዋል። ባትሪው አብጦ፣ ማፏጨት ጀምሮ፣ እሳት ሲተፋ ድሩን ሳይዘው ብለው በባዶ እጃቸው አንስተው ወደ ጭቃው ወረወሩት። ቀኝ መዳፋቸው ተላጠ።

ሮጬ ስደርስ እጃቸውን ውሃ ውስጥ ነክረው ነበር።

«ጥፋቱ የኔ ነው፣ ልጄ» አሉኝ። «ይንቀሉት ብለሽኝ ረሳሁት።»

ዝም አልኩ።

ስልካቸው ከነሲሙ ስለተቃጠለ፣ በየማለዳው በታክሲ ጳውሎስ እየሄድኩ አልጋ መገኘቱን መጠየቅ ጀመርኩ። ስመለስ በግራ እጃቸው ቆጮና ዳጣ ያቀርቡልኛል፣ ይመርቁኛል። ዳጣው ያቃጥላል፤ ምርቃቱ ግን ይብስ ነበር።

በአምስተኛው ቀን አልጋ ተገኘ። ዜናውን ነግሬያቸው እንደገና ሊመርቁኝ ሲጀምሩ አላስቻለኝም።

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። መርሳት ያለ ነው። ሰው ሲረሳ የሚያቆመውን ነገር ነው እኔ የዘለልኩት። እያወቅሁ ዝም አልኩ።»

 ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «እንደዚህ የሠራሽለት ሌላ ሰው አለ?» አሉኝ።

ሦስት ሰዎች ነበሩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለራሴ ኀፍረት እንጂ ስለ እነሱ አስቤ አላውቅም።

«ታዲያ ምን ትቆሚያለሽ?»

ሁለቱን እዚያው ሽሮ ሜዳ አገኘኋቸው። ሦስተኛዋ ቀጨኔ ትኖር ነበርና በዝናብ ቤቷን ሳፈላልግ ዋልኩ። ባትሪው አብጦ የስልኩን ክዳን ገፍቶታል፤ እሷ በላስቲክ አስራው አልጋዋ ላይ ቻርጅ ታደርጋለች። ነቅዬ ይዤው ወጣሁ።

የጋሽ አንጁሎ ባለቤት ዳኑ። እሳቸውም ከሁለት ወር በኋላ ወደ ሽመናቸው ተመለሱ፤ መዳፋቸው ግን እንደ ድሮው አልተዘረጋም። ይቅር ብዬሻለሁ ብለውኝ አያውቁም፣ እኔም አልጠየቅኳቸውም። ቀጣዩ ስልካቸው ሲበላሽ ግን ይዘው የመጡት እኔ ዘንድ ነበር።

አሁን በሕይወት የሉም። ሰው ጥፋቱን ሲናገር ይቅርታ ይጠብቃል፤ እኔም ያን ቀን የጠበቅሁት እሱን ነበር። በዚያ ዕድሜዬ ወዲያው ይቅር ብለውኝ ቢሆን ኖሮ፣ ቀለል ብሎኝ ወደ ቤቴ እገባ ነበር እንጂ ቀጨኔ ድረስ የምሄድ አይመስለኝም።