የእትዬ ድርሻ

እትዬ ከአፏ የማይለይ አንድ ቃል አላት፤ «እኔ በመጨረሻ»። ምግብ ሲቀርብም፣ ወንበር ሲጠፋም ያው ነው። ይህን የለመደችው ዕድሜዋን ከፈጀችበት ከአንድ ሆቴል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው። እዚያ ነጩ አንሶላ ቀድሞ ይታጠባል፣ ቀለም ያለው ይከተላል፣ የወለል ጨርቅ ደግሞ በተረፈው ውሃ ይነከራል። እትዬም ቤተሰቡን የያዘችው በዚሁ ሥርዓት ነው። እናትና አባት ሲሞቱባቸው ታናሽ ወንድሟን አጥባ፣ ተኩሳ፣ አስተምራ ዳረችው። ራሷን መዳር ግን ረሳች። «የወለል ጨርቅ ደግሞ ማን ያገባል?» እያለች ትቀልድባታለች የወንድሟ ሚስት። እትዬም አብራ ትስቃለች።

በረኪናው ቀስ በቀስ እጇን በላው። ጣቶቿ እየተሰነጠቁ ይደሙ ጀመር፤ ባለፈው ወር ታጥፎ ከተቀመጠ ነጭ አንሶላ ላይ የደም ጠብታ ተገኘ። ኃላፊው አንሶላውን ከፍ አድርጎ ለሠራተኛው ሁሉ ካሳየ በኋላ አሰናበታት። ከዚያ ወዲህ የቀረቻት በወንድሟ ጓሮ ያለችው አንዲት ክፍል ብቻ ናት። ከእሷ ከወጣች መግቢያ የላትም። ወንድሟ ምን እንዳሰበ ለማወቅ ፊቱን ስታነብ ከረመች፤ ፊቱ ግን እንደተቆለፈ ሱቅ ዝግ ነው።

ስለዚህ «እሑድ ጨው ሐይቁ ላይ ወዳለችው ደሴት እንሄዳለን፣ አንቺም ትመጫለሽ» ሲላት ልቧ ቅቤ ጠጣ። ሊያስወጣኝ ያሰበ ሰው ለሽርሽር አይወስደኝም ስትል ደመደመች። ጠዋት ከወፍ ቀድማ ተነሥታ ፎጣውን፣ የመኪናውን ነጭ የወንበር ልብስ፣ የወንድሟን ትንሽ ልጅ የዋና ልብስ ሳይቀር ተኮሰች። የዋና ልብሱ ከካውያው ጋር ተጣብቆ ሊቀር ምንም አልቀረው።

ጀልባው ላይ አምስት ሆነው ተሳፈሩ፤ ወንድሟ፣ ሚስቱ፣ የሚስቱ እናት፣ ትንሿ ልጃቸውና እትዬ። ባለ ጀልባው ገና ሳይነሡ አስጠነቀቃቸው። «ደሴቷ ላይ ጨው የሌለበት ውሃ ጠብታ አታገኙም። ገብታችሁ ሳትለቃለቁ ከደረቃችሁ ቆዳችሁ ይነዳል። የያዛችሁትን የውሃ ጀሪካን ጠብቁ።»

የወንድሟ ሚስት ጀሪካኑን አንሥታ እትዬ እግር ሥር አኖረችው። «እትዬ፣ ይኼን ለእርስዎ ነው የምሰጠው። እርስዎ አያባክኑም።»

እትዬ ይህንንም እንደ ሹመት ቆጠረችው። መንገዱን ሁሉ ጀሪካኑን በጉልበቷ አቅፋ ሄደች።

ደሴቷ ዛፍ የላትም፤ ነጭ ቅርፊት የለበሰ ድንጋይና አንድ የቆርቆሮ ጥላ ብቻ። ውሃው ሰውን አያሰጥምም። ወንድሟ በጀርባው ተንጋለለ፤ ቦርጩ ከውሃው በላይ ቀርቶ ትንሿ እንደ ከበሮ ትደልቅበታለች። ሚስቱና እናቷ ጥልቀት በሌለው በኩል ተዘፍዝፈው ይስቃሉ። እትዬ ዳር ላይ ጫማቸውን እየጠበቀች የምትናገረውን ታጠናለች። «እኔ አላስቸግራችሁም፣ ክፍሏ ብቻ ትሁነኝ» ልትለው ነው። ብቻውን የምታገኝበትን ሰዓት ትጠብቃለች።

ድንገት ትንሿ ተገልብጣ በፊቷ ወደቀች። ጨው ዓይኗና አፍንጫዋ ውስጥ ሲገባ ጩኸቷ ሌላ ሆነ። አባቷ ከተንጋለለበት ቀና ለማለት ተንፈራገጠ፣ ውሃው መልሶ አንጋለለው፤ ሴቶቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። እትዬ ከነቀሚሷ ገብታ ልጅቷን በሁለት እጇ አፈሰቻት። ጨዉ በተሰነጠቁት ጣቶቿ ዘልቆ ገባ፤ ሕመሙ እስከ ክርኗ ወጥቶ ዓይኗን አጨለመባት። ልጅቷን ግን አልለቀቀችም።

«ዓይኗን ያጥቡልኝ እንጂ እትዬ፣ ምን ያዩኛል?» አለች የወንድሟ ሚስት ከኋላ እየደረሰች።

እትዬ በጆግ እየቀዳች የልጅቷን ዓይን አጠበች። ከዚያ አሮጊቷን አለቃለቀች። ቀጥሎ ሚስቲቱ ቀረበች፤ ፀጉሯ ብቻውን ግማሹን ጀሪካን ጠጣ። የእትዬ እጅ ይነዳል። ከእያንዳንዱ ጆግ አንድ ጉንጭ ታህል ጣቷ ላይ ብታፈስ ምን ነበረበት? አላፈሰሰችም።

«እርስዎስ እትዬ?» አለች ሚስቲቱ ፎጣ እየጠመጠመች።

«እኔ በመጨረሻ» አለች፤ ምላሷ ሳያስፈቅዳት። ሚስቲቱም ደግማ አልጠየቀችም።

ወንድሟ መጣ። ራሱን በሳሙና አረፋ ሸፍኖ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ፊቷ ቁጢጥ አለ። ጀሪካኑ ግርጌ የቀረው ለአንድ ሰው የሚሆን ነው። ሌሎቹ ወደ ጥላው ሄደዋል። እትዬ ሰዓቱ አሁን ነው ብላ አፏን ስትከፍት እሱ ቀደማት።

«እትዬ፣ አማቴ እኛ ጋ ሊገቡ ነው።»

«የት?»

«ጓሮ ያለችው ክፍል።»

ጆጉ አየር ላይ ቀረ።

«እኔስ?»

«አንቺማ ብቻሽን ነሽ፣ የትም ይበቃሻል። ቤት ብነግርሽ ታለቅሻለሽ ብዬ ነው እዚህ ያመጣሁሽ። ሰው ባለበት አታለቅሺም።» አረፋውን ከቅንድቡ ላይ ጠረገ። «አፍስሺ እንጂ፣ ዓይኔን አቃጠለኝ።»

ዓይኑን በጨው የታጠበ የሚባለው ሰው እነሆ ፊቷ ቁጢጥ ብሏል፤ ያውም እሷው እንድታጥበው እየጠበቀ። ጀሪካኑን ድንጋዩ ላይ ልትደፋው አማራት። እንደነደደ ቢቀር፣ እየተደናበረ ጀልባውን ቢፈልግ ደስ ባላት። ውሃው በእጇ ነው፣ ማንም አያያትም። እሱ ግን ልጅ ሆኖ ስታጥበው ያደርግ እንደነበረው ሁለት ጆሮውን በመዳፉ ከድኖ አንገቱን ደፋላት። አፈሰሰችለት። አንገቱን ፈተገችለት፣ ጀሪካኑን ገልብጣ እስከ መጨረሻው ጠብታ አራገፈችለት። በሕይወቷ ሙሉ በራሷ ላይ እንዲህ ቆሽቷ አርሮ አያውቅም።

«ላንቺ ተረፈ?» አላት ፊቱን እየጠረገ።

«ተርፏል።»

ጀሪካኑን ዞሮ አላየውም።

በመልሱ ጉዞ ጨዉ እጇ ላይ እየደረቀ ቆዳዋን ይሰበስበው ጀመር፤ ስንጥቁ ሁሉ አፉን ከፈተ። መኪናው ጋ ሲደርሱ የወንድሟ ሚስት ሁለት ፌስታል ይዛ ጠበቀቻት።

«እትዬ፣ እንዳይቀየሙኝ። እጅዎ እየደማ ነው፣ የወንበሩ ልብስ ደግሞ ነጭ ነው። እዚህ ውስጥ ያድርጓቸው።»

እትዬ አደረገች። ጠዋት ራሷ በተኮሰችው ልብስ ላይ፣ ሁለት ፌስታሏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ከአሮጊቷ ጎን ተቀመጠች። መኪናው ትንሽ እንደሄደ አሮጊቷ ትከሻዋን ነካ አደረገቻት።

«ልጄ፣ ክፍሏ ፀሐይ ታገኛለች?»

ትንሿ ከፊት ዞረች። «አያቴ አልጋዋን መስኮቱ ጋ ነው የምታደርገው። እኔ ነኝ የመረጥኩላት።»

ለካስ ሁሉም ያውቁ ነበር። ጠዋት ፎጣቸውን ስትተኩስ፣ ጀሪካኑን ስትታቀፍ፣ ሁሉም እያወቁ ነው። እትዬ ወንድሟን በመስተዋቱ ፈለገችው፤ ዓይኑን መንገዱ ላይ ተክሏል።

«ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ይገባታል» አለች እትዬ።

«ጎሽ። በረኪና በረኪና ትሸታለች አሉኝ እንጂ።»

እትዬ ፌስታሉ ውስጥ ጣቶቿን ለማጠፍ ሞከረች፤ አልታጠፉላትም።

«መስኮቱን ሲከፍቱት ይወጣል» አለች።