እምቢ ፍለጋ

ባለፈው ሳምንት ተማሪዎቼ ፕሮጀክታቸውን ሲያቀርቡ ቁጭ ብዬ መስማት አቃተኝ። ድሮም ወንበር ላይ የምረጋ ሰው አይደለሁም፤ ያን ቀን ግን ባሰብኝ። አንዱ ልጅ ለባጃጅ ሹፌሮች የሠሩትን መተግበሪያ አሳየንና «ሴቻ ሰፈርም ሲቀላ ሰፈርም ዞረን ጠይቀናል፣ ሁሉም በጣም ወደውታል» አለ። ቀጣዩ ቡድንም ሁሉም ወደውታል አለ። ከዚያ የቀጠለውም እንዲሁ። ተነሥቼ መስኮት ከፈትኩ፣ መልሼ ዘጋሁት፣ በመጨረሻ «የጠላውስ ማነው?» ብዬ ጠየቅሁ። ልጆቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። እኔም በእነሱ ዕድሜ፣ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ይህንኑ ጥያቄ ስጠየቅ ወደ ኤፍሬም ነበር የዞርኩት።

ኤፍሬም የክፍል ጓደኛዬ ነው። ሁለታችንም የመጨረሻ ዓመት የሶፍትዌር ኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ነበርን። የእሱ አባት ከጎንደር በሥራ ተዛውረው መጥተው ሴቻ የቀሩ የመንግሥት ሠራተኛ ናቸው። የእኔ አባት ደግሞ ተራራው ላይ ባለችው ጨንቻ ወንጌላዊ ነበር፤ ጓሮው ውስጥም ጥቂት የአፕል ዛፎች ነበሩት። ኤፍሬም ቤት ቢቃጠል እንኳ የጫማውን ክር አስሮ የሚወጣ ዓይነት ሰው ነው። እኔን «አንቺ ሻይ እስኪቀዘቅዝ እንኳ አትጠብቂም» ይለኝ ነበር። እውነቱን ነው፣ ያን ዘመን ሁሉ ምላሴ እንደተቃጠለ ነው ያሳለፍኩት።

የሠራነው ነገር ለጨንቻ አፕል አምራቾች የአርባ ምንጭን የዕለት ዋጋ በስልክ መልእክት የሚልክ ነበር። አንድ አሮጌ ስልክ ከላፕቶፕ ጋር በገመድ እናያይዛለን፣ ጠዋት ሲቀላ ገበያ ሄደን ዋጋ እንጠይቃለን፣ ፕሮግራሙ ለተመዘገበው ሰው ሁሉ ይልካል። መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ኔትወርክ ሲያስቸግር አንዱን መልእክት ደጋግሞ ይልካል፤ ቢሆንም ይሠራል። የመጀመሪያው መልእክት ኤፍሬም ስልክ ላይ ሲገባ ከደስታዬ ብዛት ግቢውን ዞሬ ተመለስኩ። በዚያው ሳምንት፣ ስንመረቅ የራሳችንን ድርጅት እንከፍታለን ብለን ቃል ተገባባን። እኔማ ፋሲካ ላይ ለአባቴ ነግሬው «ጌታ ይምራሽ ልጄ» ብሎኛል። ለኤፍሬምም «አባቴ ፈቅዷል» አልኩት። በኋላ አባቴ የዞኑ አንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሊቀጥር እንደሆነ ሰምቶ ሲነግረኝ ጆሮዬንም አልሰጠሁት።

ኮርሱን የሚሰጠን ቲቸር መስፍን አዲስ አበባ ሶፍትዌር ሲሠራና ሲሸጥ ኖሮ የመጣ፣ ሳቅ የሚቆጥብ ሰው ነበር። በየሳምንቱ የሚሠራ ነገር ካላሳየነው ማብራሪያችንን አይሰማም፤ ስናሳየው ደግሞ «ማን ይጠቀምበታል?» ይላል። እኛም በኩራት፣ የጠየቅናቸው ሁሉ እንደወደዱት ነገርነው።

«ምን አሏችሁ?» አለ።

«ተባረኩ አሉን» አልኩ።

«የጠላውስ ማነው?»

ወደ ኤፍሬም ዞርኩ።

«ምርቃት ነጥብ የለውም» አለ ቲቸር መስፍን። «ሰው ሲመርቃችሁ እየሸኛችሁ ሊሆን ይችላል። እምቢ ያላችሁን ሰው አምጡልኝ፣ ከነምክንያቱ። ካላመጣችሁ ይህን ኮርስ አታልፉም።»

ካላለፍን አንመረቅም። እሺ ይበልጣል ከሺህ ይባላል፤ ይህን ያለ ሰው ሶፍትዌር ሸጦ አያውቅም።

ግንቦት ነበር። ማንጎው በስሎ በየመንገዱ ዳር ተከምሯል፣ ዝንቡም አብሮ። ከሰዓት በኋላ ደመናው ከተራሮቹ ይወርድና ዝናቡ ሲቀላን ያጥባታል፣ ከዚያ ሙቀቱ እንደገና ይነሣል። በዚያ መሐል ኤፍሬምን እየጎተትኩ አፕል የሚሸጠውን ሁሉ እለምናለሁ፤ «እባክዎ እውነቱን ይንገሩን፣ አይጠቅመኝም ቢሉን ደስ ይለናል»። «ኧረ በጣም ጥሩ ነው፣ በርቱ» ይላሉ። «ታዲያ ልመዝግብዎ?» «እሺ፣ ነገ።» በነጋታው ስንሄድ «እሺ፣ ከገበያ በኋላ።» አንድ ሰውዬማ እኛን ሲያይ በሱቁ የኋላ በር መውጣት ጀመረ። እሱ እንኳ ተይዞ ሲጠየቅ «እግዜር ያሳድጋችሁ» ነው ያለው። ያገሬ ሰው ፊት ለፊት እምቢ ከሚል ተሰድቦ ቢሄድ ይመርጣል።

ጨንቻ እንውጣ አልኩ። ሚኒባሱ አቀበቱን ሲይዝ፣ አርባ ምንጭ በላብ የራሰ ልብሳችን እላያችን ላይ መቀዝቀዝ ጀመረ። ጭጋጉ ውስጥ ስንገባ ተሳፋሪው ሁሉ ጋቢውን ጎተተ። ጎማው ጭቃ ላይ ሲንሸራተት ወርዶ መግፋት ነበር፤ እኔ ሹፌሩ ሳይናገር ነው ዘልዬ የወረድኩት። የገበያ ቀን ነበር። አፕል የዘረጉ አንዲት እናት የምንለውን በጥሞና ሰሙና፣ ኤፍሬም እንዲሰማ በአማርኛ «ተባረክ ልጄ» ብለው እኔን መረቁኝ፤ አንድ አፕልም እጄ ላይ አኖሩ። የኛ አገር አማርኛ ወንድና ሴት ለመለየት ብዙም አይጨነቅም። ኤፍሬም ሳቁን መያዝ አቃተው። ቀኑን ሙሉ «ተባረክ» እያለ ሲያሾፍብኝ ቆየና ወደ አርባ ምንጭ ተመለሰ። እኔ በእግሬ ወደ ቤታችን ወጣሁ።

እናቴ ኦቾሎ የሚባል መንደር ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳ አባቴ ብቻውን ነበር። ድንች ቀቅሎ በሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ አቀረበልኝ። እርጥብ ካልሲዬን እሳቱ አጠገብ ዘርግቼ እየበላሁ፣ እሱንም እንደ ማንኛውም አፕል አምራች ጠየቅሁት። ቤታችን በጋሞኛ ነው የምናወራው፤ እዚህ በአማርኛ ልጻፈው።

«መልካም ነገር ነው» አለ። «ጌታ ይባርካችሁ።»

«አባዬ፣ አንተም?» ድንቹን አስቀመጥኩት። «እምቢ የሚለኝ ሰው ካላገኘሁ አልመረቅም እኮ።»

ነገሩን ሳስረዳው ሳቀ። አስተማሪዬ ጤነኛ መሆኑን ጠየቀኝ። ከዚያ «እንግዲያውስ አልጠቀምበትም» አለ። «መብራት እኛ ጋ አልደረሰም። ስልኬን ባትሪው እንዳያልቅ ዘግቼ ነው የማስቀምጠው። መልእክታችሁን ማን ያየዋል?»

ተነሥቼ ሳምኩት። እምቢ፣ ከነምክንያቱ። እዚያው ቤት ውስጥ ወዲያ ወዲህ እያልኩ፣ ሰው ስልኩን ቻርጅ በሚያስደርግበት ሱቅ ላይ ዋጋውን ስለመለጠፍ ማሰብ ጀመርኩ። ደስታው አፌን ከፈተው መሰለኝ፣ «ድርጅቱስ?» አልኩት። «እኔና ኤፍሬም የምንከፍተው?» ምርቃቱን ድጋሚ ልሰማ ነበር የጠየቅሁት።

አባቴ እሳቱን ቆሰቆሰ። «እሱንም አልፈልግም።»

«ፋሲካ ላይ መርቀኸኝ አልነበረ?»

«መረቅሁሽ። ልጄን አልመርቅም? የጠየቅሽኝ ግን ዛሬ ነው።»

ለካ ነግሬው እንጂ ጠይቄው አላውቅም። እሱ ግን አንዴ ጀምሯልና ቀጠለ። የወንጌላዊ ኑሮ ምእመኑ ሲያገኝ የሚገኝ፣ ዝናብ ሲጠፋ አብሮ የሚጠፋ ነበር። እናቴ ታማ የሰው ደጅ የጠናበትን ዘመን አነሣልኝ። «ወሩ ሲሞላ የሚገባለት ሰው በሌሊት አይባንንም» አለ። «እንደኔ እየባነንሽ እንድትኖሪ አልፈልግም። የዞኑ ምዝገባ ዓርብ ያልቃል፣ ተመዝገቢ።»

እኔም ዝም አላልኩም። በአባቴ ላይ ድምፄን ከፍ ያደረግሁት ያን ቀን ነው። ቢሮ ውስጥ ተቀምጬ ሰዓት ስቆጥር እንደምሞት ነገርኩት። በሩን ከፍቼ ጭጋጉ ውስጥ ወጣሁ፣ አጥራችን ዳር ካለው ቀርከሃ ስደርስ ብርዱ አላስችል አለኝና ተመለስኩ፤ ባዶ እግሬን ነበርኩ። አባቴ ሌላ ትኩስ ድንች አውጥቶ ጠበቀኝ። ተቀምጬ በላሁ።

ጠዋት ቦርሳዬን ተሸክሞ እስከ መኪናው ሸኘኝ። «እኔ እከፍተዋለሁ» አልኩት፣ ፊቱን ሳላይ።

«ሰምቻለሁ» አለ። «እኔም እምቢ ብያለሁ። በይ ግቢ፣ መኪናው ሞላ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እጁን ራሴ ላይ ጭኖ ይጸልይልኝ ነበር። ያን ቀን አልጸለየም። እንደገና ፈቅዷል ብዬ እንዳልሳሳት ብሎ እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ያኔ ግን ቁልቁለቱን ሁሉ እያለቀስኩ ወረድኩ።

ቲቸር መስፍን የባትሪውን ነገር ሰምቶ አሳለፈን። ስለ ሌላው እምቢ አልነገርኩትም። ዓርብ መጣ፣ ዓርብ ሄደ፣ አልተመዘገብኩም። የአፕሉ ሥራ ዓመት ሳይሞላው ሞተ። ቀጥሎ የጀመርነውም ሞተ። እስከ ዛሬ የቆመው ከዚያ በኋላ ከኤፍሬም ጋር የከፈትነው ድርጅት ነው፤ ለክሊኒኮችና ለሱቆች ፕሮግራም እየሠራ ብዙ ሰው ቀጥሮ ያሳድራል፤ የማስተምረውም ከእሱ ጎን ለጎን ነው። ስለ መባነኑም አባቴ እውነቱን ነበር፣ ስንት ሌሊት ባነንኩ።

ጨንቻ በወጣሁ ቁጥር «ሥራ ፈለግሽ?» ይለኛል። ሠራተኞች እንዳሉኝ እነግረዋለሁ። «እነሱማ ደሞዝተኛ ናቸው፣ አንቺስ?» ይላል። ደሜ ይፈላል። አንድ ጊዜ አዲስ አበባ ቢሮ ልንከፍት ነው ስለው «እምቢ» አለኝ። «ኤፍሬም ልጆቹን ለማን ጥሎ ይሄዳል?» ኤፍሬምን ጠይቄው አላውቅም ነበር። ስጠይቀው እውነትም አልፈለገም፣ ዝም ብሎ እሺ ሲለኝ ከርሞ ነው።

አባቴ አምና ዐረፈ። ቢሮዬ ውስጥ አሁን የማቀርበው ሐሳብ ሁሉ «በጣም ጥሩ ነው» ይባላል። ባለፈው ሳምንት ለተማሪዎቼ የቲቸር መስፍንን የቤት ሥራ ሰጠኋቸው፤ እምቢ ያላችሁን ሰው አምጡ፣ ከነምክንያቱ። «እሺ ቲቸር» አሉ ሁሉም ባንድ ድምፅ። ወረቀቴን ሰብስቤ በሩ ጋ ደረስኩና ተመለስኩ። «ይህ ነገር አይጠቅመንም የሚለኝ አንድ ሰው የለም?» አልኳቸው። ሳቁ። የቀለድኩ መስሏቸው ነው። እኔ ግን አባቴ ናፈቀኝ።