ድኩላ ካለፈች በኋላም ቆም በሉ

ዛሬ ጠዋት ከነቀምት ወደ ዲጋ ስንሄድ አንዲት ድኩላ ከጫካው ዘላ መኪናችን ፊት ገባች።

የምትነዳው ልጄ ፍሬን ይዛ ለጥቂት አተረፈቻት። ልትቀጥል ስትል "ቆይ፣ ሌላ ይኖራል" አልኳት። እውነትም ግልገሏ ተከትሎ ወጣ።

"አባዬ፣ በምን አወቅክ?" አለችኝ። ነገርኳት።

በደርግ ጊዜ አስተማሪ ነበርኩ። አንድ ማለዳ የመሠረተ ትምህርት መጻሕፍት ጭነን በዚሁ መንገድ ወደ ዲጋ ስንሄድ ድኩላ አለፈች። ሾፌራችን ኦቦ ገለታ ላንድሮቨሩን ቀጥ አደረጉት።

ጋቢና የተቀመጠው ካድሬ ተቆጣ። "ስብሰባ ረፍዶብኛል፣ ንዳ!"

"ጓድ፣ ይቺ እናት ናት። ልጇ ከኋላ አለ፤ ትንሽ እንጠብቅ።"

ካድሬው ማስታወሻ ደብተሩን አወጣ። "ስምህ ማነው?"

በዚያ ዘመን ስም ሲጻፍ ምን እንደሚከተል ሁላችንም እናውቅ ነበር። እኔ፣ እውነቱን ልናገር፣ አቀርቅሬ ጫማዬን አየሁ።

ኦቦ ገለታ ስማቸውን እስከ አያታቸው ነገሩት። መኪናውን ግን አላንቀሳቀሱም።

ያኔ ግልገሉ ዘሎ ወጣ። ጎማችን ፊት ተንሸራቶ ወደቀ፣ ተነሳ፣ ሮጠ። ካድሬው ደብተሩን ኪሱ ከተተ። ይቅርታ አልጠየቀም፤ ካድሬ ይቅርታ ሲጠይቅ የሰማ ካለ ይንገረኝ።

አመሻሽ ላይ ስንመለስ ግን፣ እዚያው ጫካ አጠገብ፣ ጉሮሮውን ጠረገና "ኦቦ ገለታ፣ እዚህ ጋ ቀስ ይበሉ" አለ።

እናንተስ፣ በወለጋ መንገድ ምን ዘሎ ገባባችሁ? እንዴትስ ተረፋችሁ?