ወደ ማድሪድ የተላከው ጣሳ

ከጉዞው ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ ልጄ ፍሪጁ ላይ አንድ ወረቀት ለጠፈች። ስፔን ስንሄድ ልናደርገው የሚገባንንና የማይገባንን በአማርኛ ጽፋዋለች፤ ፊደሉ ትንሽ ይንጋደዳል እንጂ ይነበባል። ሱቅ ስትገቢ አስቀድመሽ ሰላም በይ። ከሰዓት በኋላ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ባቡር ውስጥ ቦርሳሽን ከፊት ያዢ። ቤተ ክርስቲያን ስትገቢ ትከሻሽን ሸፍኚ። የመጨረሻውን መስመር በቀይ አስምራበታለች፦ ሥጋ፣ ቅቤና አይብ ይዞ መግባት ክልክል ነው።

እኔ አነበብኩት። ጎረቤቴም ፍሪጁ ፊት ቆማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ እስከ ቀዩ መስመር ድረስ አነበበችው።

ጎረቤቴ የወሎ ሴት ናት። ቴክሳስ፣ ሌዊስቪል ካለው አፓርትመንታችን ከገባች አራት ዓመቷ ነው። የሚለየን አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ሳስል ግድግዳውን መታ መታ አድርጋ “ዝንጅብል ላምጣልሽ?” ትለኛለች። የምትሠራው ሆቴል ውስጥ ነው፤ አንሶላ ታጥባለች። እሷ ወደዚህ ከመምጣቷ በፊት አንድ ልጇ ለትምህርት ስፔን ሄዶ እዚያው ማድሪድ ቀርቷል። ድምፁን ከሰማች ዓመት ከመንፈቅ አልፏታል። ስትደውል አያነሳም። በማግስቱ “ደህና ነኝ እማ፣ ሥራ በዝቶብኝ ነው” የሚል ጽሑፍ ይልካል።

“ጽሑፍ ማንም ይጽፋል፣” አለችኝ አንድ ቀን። “እሱ ይሁን ሌላ ሰው በምን አውቃለሁ? ስልኩን የያዘው ሌላ ቢሆንስ?”



የምንሄድበት ሳምንት ሲደርስ በሻሽ የተጠቀለለ ትልቅ የቡና ጣሳ ይዛ መጣች። ክዳኑ በፕላስተር ዙሪያውን ታሽጓል።

“ፊቱን እይልኝ። ይኼን በእጁ ስጪልኝ። ‘እናትህ ድምፅህን ትፈልጋለች’ በይው። ሌላ አላስቸግርሽም።”

“ውስጡ ምን አለ?”

“በርበሬና ሽሮ ነው፣ አብሽሪ።”

ይህች ሴት ለትንሹም ለትልቁም ወላሂ የምትል ናት። ዳቦ በስሏል ለማለት እንኳን ወላሂ ትላለች። ያን ቀን አላለችም። ልብ ያልኩት በኋላ ነው።

ፋርመርስ ብራንች በምትባለው ከተማ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ አሥራ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ። ውስጡን ሳላይ ያሸግኩት አንድም ካርቶን የለም። ይሁን እንጂ የሰው አደራ ሌላ ነው። ሲቀበሉት አይከፈትም፤ መክፈት ሰውየውን ሌባ ወይም ውሸታም ማለት ነው። እንዲህ ነው ያደግሁት።

ልጄ ነርስ ናት። ነገር በዋዛ አትተውም።

“እማ፣ ከፍተሽ ቼክ አደረግሽው?”

“በርበሬና ሽሮ ነው።”

“ቼክ አደረግሽው ወይ ነው ያልኩሽ።”

“የሰው አደራ ነው።”

“ኦኬ። ሶ ኤርፖርት ላይ ሰውየው ሲጠይቅሽ ‘አደራ ነው’ ትይዋለሽ?”

ጣሳውን ከሻንጣው ታች፣ በነጠላዬ ጠቅልዬ አስገባሁት።

ዳላስ ኤርፖርት ሻንጣ የምትቀበለው ልጅ ፓስፖርታችንን እያየች ጠየቀችኝ። ሻንጣውን ያሸግሽው ራስሽ ነሽ? አዎ። ሰው የሰጠሽ ዕቃ ይዘሻል? ልጄ ዞር ብላ አየችኝ። “አልያዝኩም” አልኩ። ሻንጣው በተንቀሳቃሹ መንገድ ሄዶ ከመጋረጃው ኋላ ገባ።  ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ሙሉ ስንበር ልጄ ስለዚያ ነገር አላነሳችም። ብትቆጣኝ ይቀለኝ ነበር።

ማድሪድ ሻንጣችንን ወስደን ወደ መውጫው ስንሄድ አንድ ወጣት የጉምሩክ ሠራተኛ በጣቱ ጠቆመኝ። ከፊቴ ብዙ ሰው አልፏል፤ የጠቆመው እኔን ነው። ሻንጣውን በማሽን አሳለፈው፤ ስክሪኑን አየ፤ መልሶ አሳለፈው። ከዚያ ክፈቺው አለኝ።

ፕላስተሩን በምላጭ ቀደደው። ከላይ በርበሬ ነበር፣ ከበርበሬው ሥር ሽሮ። “ይኸው” ልል አፌን ስከፍት የሽሮውን ከረጢት አነሳ። ከሥሩ በላስቲክ በላስቲክ የተጠቀለለ ቅቤ ነበር፤ ከቅቤው በታች ደግሞ ቋንጣ።

“ይኼ ምንድነው?” አለኝ በእንግሊዝኛ።

“ቅቤ” አልኩት።

“ይኼስ?”

“ሥጋ።”

አልተቆጣም፤ አልሳቀም። ጓንት አድርጎ አንድ በአንድ አወጣና ቢጫ በርሜል ውስጥ ጣለው። ቅቤው ሲያርፍ ከበድ ያለ ድምፅ አሰማ። ባዶውን ጣሳም ሊጥለው ሲል በሁለት እጄ ያዝኩበት። ጣሳው የእኔ አይደለም፣ ለባለቤቱ መድረስ አለበት አልኩት። አየኝና በወረቀት ጠርጎ መለሰልኝ። በርበሬውንና ሽሮውንም መለሰልኝ። ወቅቱ ፍልሰታ ነበር፣ እጾማለሁ። የቅቤው ሽታ ከእጄ ሳይለቅ ሁለት ቀን ቆየ።

ታክሲ ውስጥ ልጄ እጄን ያዘችኝ። “እማ፣ አንቺ አልዋሸሽም። የዋሸችሽ እሷ ናት።”

“ዳላስ ላይ የዋሸሁት እኔ ነኝ፣” አልኳት።

ልጄ ማድሪድ ገብተናል ብላ ስትጽፍለት የጎረቤቴ ልጅ በስልክ አድራሻ ላከልን። የአንድ ምግብ ቤት ስም ነው፤ “ረቡዕ፣ በምሳ ሰዓት” ይላል። ረቡዕ ልክ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ፊት ቆምን። የብረቱ መዝጊያ እስከ ግማሽ ወርዷል፣ መብራት የለም። ማዶ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። የነሐሴ ፀሐያቸው ከቴክሳስ አይተናነስም። ስድስት ተኩል ሆነ፤ ሰባት ሰዓት ሆነ። ልጄ ጻፈችለት፤ አልመለሰም። ደወለች፤ አላነሳም።

“አይመጣም፣ እማ። ቢመጣ ኖሮ እስካሁን ይመጣ ነበር።”

ጎረቤቴ ያለችው ትዝ አለኝ። ስልኩን የያዘው ሌላ ቢሆንስ? ተመልሼ ምን ልላት ነው? ሻሹን ጭኔ ላይ አጥፌ ዘረጋሁት፤ እንደገና አጠፍኩት።

ከጎን ያለው ሱቅ ባለቤት፣ አንዲት አሮጊት፣ ልትዘጋ ወጣች። አስቀድመን ሰላም አልናት፤ ወረቀቱ የጠቀመን ያኔ ነው። ልጄ በስልኳ እያስተረጎመች ጠየቀቻት። ሴትዮዋ ሳቀች። ምሳ ስምንት ሰዓት ነው አለች፤ በስድስት ሰዓት የሚርበው ቱሪስት ብቻ ነው። ራትም እንዲሁ ነው፤ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በፊት ጠረጴዛ የሚፈልግ የለም። የምትሄዱ ካላችሁ ጠዋት በደንብ በልታችሁ ውጡ። እኛ አላወቅንም፤ የእኛና የእሱ ምሳ ሰዓት አንድ አልነበረም።

መዝጊያው ወደ ስምንት ሰዓት ገደማ ተነሣ። ገብተን ከወጥ ቤቱ በር ትይዩ ተቀመጥን። ልጄ “ሥጋ የሌለበት” የሚለውን በስልኳ ለአስተናጋጁ አሳየችው። ፎሶሊያ መጣልኝ፤ በላዩ የአሳማ ሥጋ ተከትፎ ተነስንሶበታል። ሳሳየው አስተናጋጁ ከልቡ ተገረመ። ለእሱ ያ ማጣፈጫ ነው እንጂ ሥጋ አይደለም። የምትጾሙም የማትበሉትም፣ ሥጋ አልፈልግም ማለት ብቻ አይበቃም፤ አሳማውን ለይታችሁ ተናገሩ። በኋላ ቲማቲም በወይራ ዘይትና ዳቦ አመጣልኝ።

ዘጠኝ ሰዓት ሆነ፤ ዘጠኝ ተኩል ሆነ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ቀና እላለሁ፤ የሚገባው ሌላ ሰው ነው። ሳህናችን ተነሣ፤ ሒሳብ ግን አላመጡልንም። ዙሪያችን ያሉት ሁሉ በልተው ጨርሰዋል፣ ማንም አልተነሣም። እዚያ አገር ከምሳ በኋላ ገበታ ላይ ቁጭ ብሎ ማውራት የምሳው ክፍል ነው። ሰው ሳይጠይቅ ሒሳብ ማምጣት “ሂድልኝ” እንደ ማለት ይቆጠራል። ቴክሳስ ቢሆን ወረቀቱ ከነከረሜላው ገና ሳንውጥ ጠረጴዛው ላይ ይቀመጥ ነበር፤ እኛም ተነሥተን እንሄድ ነበር።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ከእኛ በቀር ሁለት ሽማግሎች ብቻ ቀሩ።

“እማ፣ እንሂድ፣” አለች ልጄ።

“ትንሽ ቆዪ።”

የወጥ ቤቱ በር ተከፈተ። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ወጣ። ሽርጡ እስከ ደረቱ ረጥቷል። ጣቶቹ ውኃ ውስጥ ከመዋል ነጥተው ተሸብሽበዋል። ግንባሩ የእናቱ ግንባር ነው። ተነሣሁ። ግራ ጉንጬን ሳመኝ፣ ቀኙን ሳመኝና ቀጥ አለ። እኔ ለሦስተኛው አንገቴን አስግጌ አየር ሳምኩ።

“ከስድስት ሰዓት ጀምሮ አይቻችኋለሁ፣” አለ። “ወደ ጓሮው በር ስዞር አግዳሚው ላይ ነበራችሁ።”

“ታዲያ?”

“ትሄዳላችሁ ብዬ ነበር፣ እማማ። ቱሪስት ሲዘጋበት ይሄዳል።”

“እዚህ ከተቀመጥንስ በኋላ?”

“በልታችሁ ትሄዳላችሁ አልኩ።” ወደ ወጥ ቤቱ በር ዞሮ አየ። “አልሄዳችሁም።”

ጣሳውን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። ምን እንደነበረበትና የት እንደቀረ ነገርኩት። ክዳኑን ከፈተ፤ ጣሳውን ወደ ፊቱ አስጠጋው።  ክዳኑን መልሶ ገጠመው፤ ትንሽ ቆየና እንደገና ከፈተው። ልጄ ወደ መንገዱ ታይ ነበር።

“እናትህ ድምፅህን ትፈልጋለች፣” አልኩት፣ እንደታዘዝኩት።

ትምህርቱን ካቋረጠ ሦስት ዓመት እንደሆነው ነገረን። እናቱ ለሰው ሁሉ ልጄ መሐንዲስ ነው ትላለች። ድምፁን ከሰማች ታውቅብኛለች ብሎ ይፈራል።

“እማማ፣ ቢሮው ሄጄ አገኘሁት ይበሏት። ደህና ነው፣ ወፍሯል፣ ሥራ ስለሚበዛበት ነው ይበሉልኝ። አደራዎትን።”

“አልልም።”

“አንድ ቃል እኮ ነው። ምንም አይከብድዎትም።”

“ጣሳውም አንድ ጣሳ ነበር፣” አልኩት። “ታሽጎ የተሰጠኝን ተሸክሜ የሆነውን አየሁ። ያንተን ደግሞ ውስጡን እያወቅሁት ልሸከም? እኔ እሁድ ቤቴ ነኝ። መምጣቴን ታውቃለች፣ በር ላይ ትጠብቀኛለች። ቀድመኸኝ ብትደውልላት ይሻላል።”

“መቼ ልደውል? ሥራ ላይ ነኝ።”

ልጄ ቆጠረች። “ዕረፍትህ አሥራ አንድ ሰዓት ከሆነ እኛ ጋ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። ቤት ናት፤ ፈረቃዋ ከሰዓት ነው።”

 ጣሳውን በብብቱ ይዞ ወደ ወጥ ቤቱ ተመለሰ። በሩ ከኋላው ወዲያ ወዲህ እያለ ቆየ።

ከዚያ በኋላ ቶሌዶ ሄድን። ከተማው ኮረብታ ላይ ነው፤ መንገዱ ሁሉ ድንጋይ ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም። ከዚህ የበለጠ ማለት አልችልም። ቆሜ የማየው ስልኬን ነበር።

እሁድ ስንመለስ እንዳልኩት በራችን ላይ ቆማ አገኘናት።

“አየሽው?”

“አየሁት። እሱ ራሱ ነው።”

ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ከዚያ ገለጠችው። “በእጁ ሰጠሽው?”

“በርበሬውን፣ ሽሮውንና ጣሳውን ሰጠሁት። ቅቤውና ቋንጣው ኤርፖርት ቀረ።”

ልጄ ሻንጣዋን እየጎተተች አልፋን ገባች።

“ወረቀቱን አንብበሽዋል፣” አልኳት።

“አንብቤዋለሁ።” ሻርፕዋን ሳበች። “ታዲያ ቅቤ የሌለው በርበሬ ለልጅ ይላካል?”

“እኔን አዋሸሽኝ።”

“አዋሸሁሽ። አፉ በይኝ።” ቀረበችኝ። “ምን ይሠራል?”

አልደወለም ማለት ነው።

“ጤነኛ ነው። ሠርቶ ነው የሚያድረው። ቀጥኗል።”

“ምን እንደሚሠራ ነው የጠየቅኩሽ።”

“ያንን ከሱ ስሚ። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ዕረፍት አለው።”

“ጎረቤት ተብለሽ! የምታውቂውን ደብቀሽኝ እንዴት ልተኛ?” ፊቷ ተለዋወጠ። “እስር ቤት ነው እንዴ? ንገሪኝ!”

“እስር ቤት አይደለም። ነውርም አይደለም። ግን የእኔ ወሬ አይደለም።”

በሯን ዘጋችው።

ስምንት ቀን ግድግዳው አልተመታም። ሳስል እንደምትሰማ አውቃለሁ። ልጄ “በቃ ንገሪያትና ይለቅሽ” አለችኝ። ሁለት ጊዜ በሯ ድረስ ሄጄ ተመለስኩ። ጠዋት ጠዋት አራት ሰዓት ሲቃረብ ሥራ እየፈጠርኩ ወጥ ቤት እቆማለሁ፤ ግድግዳው እዚያ ይሳሳል።

ሰኞ ዕለት ዕቃ ሳጥብ ስልኳ ጮኸ። ቧንቧውን ዘጋሁት። ሦስት ጊዜ ጮኾ ቆመ።  ተቆርጧል ብዬ እጄን ላደርቅ ስል ድምፅዋ መጣ።

“ጣሉት አሉኝ! ያንን ሁሉ ቅቤ! አንጥሬ፣ ቅመሙን ራሴ ደቁሼ!”

ዝም አለች። ረጅም ጊዜ የሚያወራው እሱ ነበር። እርጥብ ሳህን እንደያዝኩ ቆምኩ።

“ምን ታጥባለህ?”

ወንበር ስትስብ ተሰማኝ።

“ወላሂ፣ እኔስ እዚህ የሰው አንሶላ አይደል የማጥበው? ማን ነው ማጠብ ነውር ነው ያለህ? ቆይ፣ ቆይ፣ አትዝጋው...”

የቀረው የእነሱ ነው። ቧንቧውን ከፍቼ ሳህኖቼን ማጠብ ቀጠልኩ።